በስልክ የመጣ ምርቃት

አባቴ የመረቀኝ በስልክ ነው። ይህን ለሰው ስናገር «እሰይ፣ ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ!» ይለኛል። ቆይ እስኪ፣ አትቸኩል፤ መጨረሻውን ስማ።

አባቴ ሰቆጣ ውስጥ ከገበያው በላይ ቤት ነበረችው፤ ብር እያነጠረ የአንገት መስቀል ይሠራል። እናቴ ክፉና ደጉን ሳልለይ ስለሞተች ያሳደገኝ እሱ ነው፤ እሱና ታላቅ እህቱ። አክስቴ ባይኖሩ ኖሮ ጸጉሬን እንኳ የሚሠራኝ አልነበረም። ከትምህርት ቤት ስመለስ የኔ ሥራ ወናፍ ማናፋት ነው። የድሮው የማርትሬዛ ብር እሳት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይቀላል፣ ከዚያ ሳታስበው እንደ ውኃ ይፈስሳል። «አባዬ፣ ብር ለምን ያበራል?» እለዋለሁ። «አናፊ!» ይለኛል። በሌላው ቀን ደግሞ «መዳብስ ለምን ቀይ ሆነ?» እላለሁ። «አንቺ ልጅ፣ እሳቱ ሊጠፋ ነው፣ አናፊ!» ፊዚክስ የተማርኩት መልስ ስላጣሁ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

ቃል የሚሰስት ሰው ነበር። ሲቆጣ በአማርኛ ይናገራል፣ ሲራራ በአገውኛ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በአንዱም አይናገርም። እንደሚወደኝ አውቅ ነበር እንጂ አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም። ከገበያ ሸንኮራ ይዞልኝ ይመጣና ደጃፉ ላይ ጥሎት ያልፋል። አንስቼ ስግጥ ካየኝ «ጥርስሽን እንዳትሰብሪ» ይላል። ያ ለእሱ ረዥም ንግግር ነው።

ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ፣ ደግሞ ተቃራኒው ናቸው። ከከተማው ወጣ ብለው ሰቆጣ ዙሪያ ያርሳሉ፤ የንብ ቀፎም አላቸው። ከአፋቸው ወሬ አይጠፋም፣ ወሬ ሲያልቅባቸው ተረት ያወራሉ። ድምፃቸው ግን የአባቴ ድምፅ ነው፤ ቁርጥ እሱን። ከውጭ «ቤቶች!» ሲሉ አባቴ መጣ ብዬ ሮጬ የወጣሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ሰፈሩ «እግዜር አንድ ጉሮሮ ለሁለት ሰው ሰጠ» እያለ ይስቅ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ያኔ ምን አውቄ!

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስገባ አባቴ አልተቃወመም። አዲስ አበባ ሩቅ ቢሆንም በአውቶቡስ ይደረሳል፤ ሰው ቢሞት ቢታመም በሁለተኛው ቀን ከች ይባላል። ነገሩ የተበላሸው ውጭ አገር ለዶክትሬት ትምህርት ዕድል ያገኘሁ ጊዜ ነው። ያን ክረምት ወደ ቤት ሄጄ ስነግረው መዶሻውን አስቀመጠና በአማርኛ ተናገረኝ።

«ልጅ የሚወለደው ለምንድን ነው?» አለኝ።

መልሴን ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«ለመቅበር ነው። እኔ ሌላ ልጅ የለኝም። ቀባሪዬን ለባዕድ አሳልፌ አልሰጥም።»

«አባዬ፣ አራት ዓመት እኮ ነው!»

«ሞት አራት ዓመት ይጠብቃል?»

እኔም የእሱ ልጅ ነኝና ግትር ነኝ። ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። በመሄጃዬ ቀን ጎረቤት ሁሉ መጥቶ መረቀኝ፤ አጎቴም ማር በጣሳ ይዘው መጥተው ነበር። በመጨረሻ ወደ አባቴ ሄጄ ተንበረከክሁ። የአባት ምርቃት ሳይያዝ መንገድ አይጀመርም፤ እኛ ዘንድ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። መስቀል እየሞረደ ነበር። ቀና አላለም። ጉልበቱን ሳምሁና ጠበቅሁ። ሞረዱ ብቻ ይሰማል።

አክስቴ «እንዴ! ምን ሆነሃል? መርቃት እንጂ!» ብለው ጮኹ።

«አውቶቡሱ እንዳያመልጣት» አለ አባቴ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ወልዲያ እስክደርስ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ባል ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ «አባት ነው» ስላቸው ከንፈራቸውን መጠጡና ቆሎ ሰጡኝ። በልቤ ግን «ይመርቀኛል፤ ዛሬ ባይሆን ነገ ይመርቀኛል» እያልኩ ነበር። ከዚያ በኋላ ዶክትሬቱንም፣ ፈረንጁንም፣ ዓለሙንም የማየው በዚህ በኩል ሆነ፤ ያን ምርቃት አገኛለሁ ወይስ አላገኝም?

የደረስኩባት ከተማ ትንሽ፣ ንጹሕና ብርዳም ናት። አንድም ሐበሻ የለባትም። ሥራዬን ሰው ሲጠይቀኝ «ብርሃን ብረት ላይ አበራለሁ» እላለሁ፤ ቀልድ አይደለም፣ እውነት ነው። ኒኬል የሚባል ብረት ላይ ለዓይን የማይታይ ብርሃን እናበራለን። ብርሃኑ ከብረቱ ውስጥ ኤሌክትሮን ፈንቅሎ ያወጣል። የወጣው በምን ፍጥነት እንደሚበር እንለካና ውስጥ ሳለ እንዴት ይኖር እንደነበር እንገምታለን። ኤሌክትሮኖች እርስ በርስ ባይተዋወቁ ኖሮ ሥራው ቀላል ነበር። ብረት ውስጥ ግን አንዱ ሳያውቅ ሌላው አይንቀሳቀስም። አንዱን ስታወጣው የቀሩት ይናወጣሉ፣ ይሸሻሉ፣ ይጠጋጋሉ፣ ክፍተቱን ለመሸፈን ይሯሯጣሉ። ይህ ሁሉ ጣጣ ከወጣው ጉልበት ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ በሚሣለው ግራፍ ከትልቁ ጉብታ አጠገብ ሌላ ትንሽ ጉብታ ብቅ ትላለች። የኔ የዶክትሬት ጥናት ያቺ ትንሽ ጉብታ ነበረች።

አስጠኚዬ ጢማም፣ ደግ፣ ሲበዛ ቁም ነገረኛ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን ያሉኝን አልረሳውም፤ «የወጣውን የለካሽ ይመስልሻል፤ የምትለኪው ግን የቀሩት ምን እንደሆኑ ነው።» እኔም በቁም ነገር ጻፍኩት።

የብረቱ ገጽ አየር ከነካው ወዲያው ይቆሽሻል። ስለዚህ የምንሠራው አየር ሁሉ ተመጥጦ በወጣበት የብረት በርሜል ውስጥ ነው። በርሜሉን በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልለን ለቀናት እናሞቀዋለን፤ ውስጡ የቀረች እርጥበት ካለች እንድትወጣ። አንድ የጣት አሻራ ከቀረበት የሳምንት ሥራ ገደል ይገባል። ዋናውን ልኬት ለመሥራት ደግሞ ሌላ ከተማ ያለው፣ ክቡ የሰቆጣን ገበያ የሚያክል ትልቅ የብርሃን ማመንጫ ዘንድ ተራ መጠበቅ አለብን። ተራው በብዙ ወር አንዴ ነው የሚደርሰው። የመጀመሪያው ተራችን ሲደርስ በርሜሉ አየር አሾለከ። ባዶ እጃችንን ተመለስን። በዚያ ምክንያት አገሬ ልመለስ ያሰብኩበት ጊዜ ተላለፈ፤ እንደገናም ተላለፈ።

እሑድ እሑድ ሰቆጣ እደውላለሁ። ቤታችን ስልክ ስላልነበረ ገበያው ዳር ያለ ባለሱቅ ያስጠራልኛል። አክስቴ ይመጣሉ፤ አባቴ አንዳንዴ ብቻ ይመጣል። ስልክ አይወድም ነበር። «አለሁ» ይላል። «ደህና ነህ አባዬ?» እላለሁ። «አለሁ።» ከዚያ ትንሽ ሲተነፍስ ይሰማኝና ስልኩን ለአክስቴ ይሰጣል። ይመርቀኛል ብዬ ጆሮዬን አሹዬ እጠብቃለሁ። እሱ ግን «አለሁ» ብቻ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ ሁዳዴ ውስጥ፣ መምጣቱን ተወ። «ጉንፋን ያዘው» አሉኝ አክስቴ። ቀጥሎ «ጠበል ሄዷል» አሉኝ። «የትኛው ጠበል?» ስላቸው የአንዱን ገዳም ስም ጠሩ፤ በሚቀጥለው እሑድ የሌላ። አልጠረጠርኩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ! ከፋሲካ በኋላ አንድ እሑድ አክስቴ «ተሽሎት መጥቷል፣ በይ እንኪ አነጋግሪው» አሉኝ።

«አለሁ» አለኝ ድምፁ።

«አባዬ! ተሻለህ?»

«ተሽሎኛል። አንቺስ ልጄ? ብርዱ እንዴት ነው? ትበያለሽ?»

ክው አልኩ። አባቴ «ትበያለሽ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ሞት አፋፍ ደርሶ የተመለሰ ሰው ልቡ ይለሰልሳል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ይኸው የኔም አባት ለሰለሰልኝ አልኩ። ስልኩን ዘግቼ በዚያ ባዶ ክፍል እልል አልኩ። ከታች ያለችው ጎረቤቴ ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ነረተችብኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ እሑድ አልቀረም። ዝናቡን ይነግረኛል፣ የማሩን ነገር ያወራልኛል። «ምን ላምጣልህ?» ስለው «ራስሽን» ይለኛል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ስለ ሥራዬ መጠየቁ ነው። «ያ ብርሃንሽ እንዴት ሆነ?» ይላል። «አናፊ!» እያለ ላሳደገኝ ሰው ስለ ኤሌክትሮን ማስረዳት! ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አንድ ቀን ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሬ በአገውኛና በአማርኛ እየቀላቀልኩ አስረዳሁት። አንዱ ሲወጣ የቀሩት ቦታውን ለመሸፈን እንዴት እንደሚሯሯጡ፣ ያ ሩጫ እንዴት እኛ ዘንድ ደርሶ እንደሚታይ ነገርኩት።

መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ።

«ሃሎ? አባዬ?»

«አለሁ» አለ። ድምፁ ሰለለ። «ይታያል በይኛ።»

«አዎ፣ ይታያል። ጎበዝ ሠራተኛ ከሆንክ።»

«ጎበዝ ነሽ» አለኝና ስልኩን ለአክስቴ ሰጣቸው። አክስቴም ያን ቀን ቸኮሉ፤ ወጥ ጥጄ መጥቻለሁ ብለው ዘጉት።

ሁለተኛው የብርሃን ተራችን ሊደርስ አንድ እሑድ ሲቀር ደወልኩ። ፈርቼ ነበር። ይህም ከከሸፈ ጥናቱ ማለቂያ የለውም፣ አገሬም አልገባም። «አባዬ፣ የሚቀጥለው ሳምንት የኔ ተራ ነው» አልኩት። ያንን ልጠይቀው ብዬ አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ፤ በስልክ ምርቃት መለመን አሳፈረኝ።

እሱ ግን ራሱ ጀመረው። «ያን ቀን» አለ፣ «ያን ቀን አፌን ያዘኝ፤ እንጂ ልቤ መርቆሽ ነበር።» ከዚያ በአገውኛ መረቀኝ። በሄድሽበት ሞገስ ይስጥሽ፣ የነካሽው ይባረክ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ ውለጂ ክበጂ፣ ለአገርሽ አፈር ያብቃሽ እያለ ረዥም ምርቃት መረቀኝ። በመጨረሻም እንደ ወጉ እትፍ እትፍ አለ። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ነበር፤ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ «አሜን፣ አሜን» እላለሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት በርሜሉ አልሾለከም፣ ብረቱ አልቆሸሸም፣ ያቺ ትንሽ ጉብታ ያለ ምንም ጥርጥር ቦታዋ ላይ ብቅ አለች። አስጠኚዬ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። እኔ ሳይንቲስት ነኝ፣ በምክንያትና በውጤት አምናለሁ፤ ያን ቀን ግን «አባቴ ስለመረቀኝ ነው» አልኳቸው። ፈገግ ብለው «ሰላምታዬን አቅርቢልኝ» አሉኝ።

ጽሑፉን እንደጨረስኩ አገሬ ገባሁ። ሰቆጣ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ስወርድ አክስቴና ጥቂት ሴቶች ቆመዋል። አባቴ የለም። «ቤተ ክርስቲያን ነው» አሉኝ። እሑድ አልነበረም፤ ቢሆንም አባቴ ከለሰለሰ ጸሎት ቢያበዛ ምን ይገርማል ብዬ አመንኩ። «ቤታችሁ እየተለሰነ ነው» ብለው ዘመድ ቤት ወሰዱኝ። አበሉኝ፣ እግሬን አጠቡኝ፣ «መንገድ አድክሞሻል፣ ተኚ» አሉኝ። ተኛሁ።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተከፈተ። አክስቴ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ማንም ምንም ከማለቱ በፊት አወቅሁ። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ እጄን ያዙኝ። አክስቴ «ልጄ፣ አባትሽ…» አሉና ደረታቸውን መቱ። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙም አላስታውስም።

በነጋው እንባዬ ሲደርቅ «መቼ ነው?» አልኩ።

«ካቻምና» አሉ አክስቴ። «በሁዳዴ።»

«ካቻምና?! ታዲያ እንዴት ሳትነግሩኝ?»

አክስቴ ተቆጡ። ሐዘኑ ቁጣ አወጣባቸው። «መርዶ በስልክ? አብደሻል እንዴ! ወድቀሽ ብትቀሪ ማን ሊያነሣሽ? ባልተወለደሽ አገር ብቻሽን እንድትጮኺ? በዚያ ከተማ አንድ የኛ ሰው ቢኖር ኖሮ እኮ ሄዶ ይነግርሽ ነበር፤ ‹ማንም የለም› ያልሽን አንቺ ነሽ። ትመጣለች ብለን ጠበቅን። አንቺ ትቀሪያለሽ፣ እኛ እንጠብቃለን።»

እውነታቸውን ነው፤ እኛ ዘንድ መርዶ እጅ ይፈልጋል። የሚይዝህ የሰው እጅ ሳይኖር አይነገርም። ቀብሩም፣ አርባውም፣ ሙት ዓመቱም ካለ እኔ አለፈ። አባቴ እንደፈራው ቀባሪ ሳይኖረው ተቀበረ።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ሳለ ነው ነገሩ የመጣልኝ። ካቻምና ሁዳዴ ከሞተ፣ ከፋሲካ በኋላ ያነጋገረኝ ማን ነው? ማን ነው የመረቀኝ?

አጎቴ ለለቅሶው በተተከለው ድንኳን ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው አፋቸውን ይዘዋል። ያ ወሬኛ ሰው ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ሲያቅፉኝ እንኳ አልቅሰው ብቻ ነው የለቀቁኝ። ሄጄ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«አጎቴ፣ ያን እሑድ የመረቀኝ ማን ነው?»

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«ይናገሩ እንጂ! ከእንግዲህ ምን ይደብቁኛል?»

ጋቢውን ከአፋቸው አወረዱ። «እኔ ነኝ ልጄ» አሉ።

የአባቴ ድምፅ ነው። ጩኸት አመለጠኝ። ሴቶቹ ሮጠው መጡ፤ በእጄ መለስኳቸው።

«እህቴ ናት እንዲህ አድርግ ያለችኝ» አሉ አጎቴ። «መጀመሪያ አንድ ቀን ብቻ ነበር፣ እንዳትጠረጥሪ። ከዚያ አንቺ ደስ አለሽ። ስትስቂ ሰማሁሽ። ማቆም አቃተኝ።»

«ሲሞት ስለ እኔ ምን አለ?»

አጎቴ መሬት መሬቱን ያያሉ። እንዲዋሹኝ ፈለግሁ። ያን ሁሉ እሑድ የዋሸ ሰው አንዲት ውሸት አይጨምርልኝም?

«በመጨረሻው ቀን ለመንኩት» አሉ። «‹ልጅቷን መርቃት፣ እኔ በስልክ አደርስልሃለሁ› አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።»

«ምንም አላለም?»

«ምንም። ይቅር በይኝ ልጄ፤ የነበረኝን ውሸት ሁሉ ጨርሻለሁ። ምርቃት ያልያዘች ልጅ በባዕድ አገር አታድርም ብዬ ነው የመረቅሁሽ።»

አክስቴ ከኋላዬ መጥተው «ያዞረው እንባውን እንዳናይበት ነው፤ አባትሽን አታውቂውም?» አሉኝ። እንግዲህ ይህን ማን ያውቃል? አባቴን ልጠይቀው አልችልም። በእጄ ያሉት የቀሩት ናቸው፤ የአጎቴ ውሸት፣ የአክስቴ ግምት። ቤታችን ገብቼ ያን ግድግዳ ቆሜ አየሁት። ጭቃ ነው። «ምናለ አባዬ! አንድ ቃል ብትወረውርልኝ ምናለ!» ብዬ በአማርኛ ተቆጣሁት። ግትር! አኩርፎኝ ሞተ። እሱን እንዲህ አድርጌ እወደዋለሁ፣ እሱ አኩርፎኝ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። አሁን የምኖረውና የማስተምረው ከሰቆጣ ሩቅ ነው። አጎቴም ሞባይል ገዝተዋል። እሑድ አክስቴ ቤት ሳሉ ስደውል ግን የኔን ቁጥር ሲያዩ ሳይናገሩ ለአክስቴ ይሰጧቸዋል፤ ስለ ዝናብም ስለ ማርም አያወሩኝም። ድምፃቸው እንዳይጎዳኝ ይሸሹኛል፤ ያ ወሬኛ ሰው ለኔ ሲል ድዳ ሆነ። እኔም እንዲያ እንዲሆን ፈልጌ ነበር።

አንዳንድ እሑድ ግን አያስችለኝም። አክስቴን «እስኪ ለአንዴ ይስጧቸው» እላቸዋለሁ። ስልኩ ከእጅ እጅ ሲሻገር ይሰማኛል። ከዚያ ትንፋሽ። እሳቸውም የምፈልገውን ያውቁታል፤ አንድም ቃል አይጨምሩበትም።

«አለሁ» ይላሉ።

ምላሴ ላይ የመጣውን «አባዬ» እውጠውና ስልኩን እዘጋለሁ።